ከባዝል ወደ ኦይሮፓ ፓርክ በአንድ ቀን ደርሶ መልስ፦ መኪና ወይስ ባቡር? ወረቀቱስ?

የሦስት ልጆች እናት · ሰኞ ማታ

ሰላም ለሁላችሁ። የምንኖረው ባዝል ዳርቻ ነው። በጥቅምቱ የትምህርት ቤት ዕረፍት ልጆቹን ይዘን ድንበር ተሻግረን ጀርመን ውስጥ ሩስት ወደሚገኘው ኦይሮፓ ፓርክ ወደሚባለው መዝናኛ ፓርክ ለመሄድ አስበናል። ሆቴል ማደር ኪሳችን አይፈቅድም፤ ጠዋት ወጥተን ማታ ቤታችን መግባት አለብን።

ልጆቹ 13፣ 9 እና 5 ዓመታቸው ነው። ትልቁ ቮልትሮን እና ሲልቨር ስታር ስለሚባሉት የፓርኩ ሮለር ኮስተሮች (ሽቅብ ቁልቁል የሚወነጨፉ የሐዲድ መጫወቻዎች) ከማውራት ሌላ ሥራ የለውም። መካከለኛዋ እርሱ የወጣበት ሁሉ ላይ ልውጣ ትላለች። ትንሿ ጨለማ ትፈራለች። በዚህ ላይ እናቴ ከአዲስ አበባ ልትጠይቀን መጥታለች፤ ብቻዋን ቤት ትተናት አንሄድም።

እኔና ባለቤቴ ቢ የሚባለው የስዊዝ የመኖሪያ ፈቃድና የኢትዮጵያ ፓስፖርት አለን፤ ልጆቹም እንደዚያው። መኪናችን አምስት ሰው ነው የሚይዘው፤ እኛ ስድስት ነን። የሄዳችሁ ካላችሁ ምክራችሁን አትንፈጉኝ። አንድ ቀን ይበቃል?

ሐዲድ · ሰኞ ማታ

ስድስት ከሆናችሁ ባቡሩን አስቡበት። ከባዝል ባዲሸር ባንሆፍ የሚነሣው የጀርመን የክልል ባቡር በፍራይቡርግ በኩል አልፎ ሪንግስሃይም ላይ ይቆማል፤ ጣቢያው ስሙ ራሱ «ሪንግስሃይም/ኦይሮፓ ፓርክ» ነው። ከጣቢያው ፓርኩ በር ድረስ የሚያደርስ አውቶቡስ አለ፤ መንገዱ አጭር ነው።

ባዲሸር ባንሆፍ በስዊዘርላንድ መሬት ላይ ያለ የጀርመን ጣቢያ ስለሆነ የስዊዝ ግማሽ ዋጋ ካርድ የሚያገለግለው እስከዚያ ድረስ ብቻ ነው። ከዚያ ወዲያ የጀርመን ታሪፍ ይጀምራል። ለእናንተ የሚስማማው የባደን ቩርተምበርግ (ሩስት ያለችበት የጀርመን ክልል) የቀን ትኬት ይመስለኛል፤ እስከ አምስት ሰው በአንድ ትኬት ይሄዳል፤ የራስ ልጆች ደግሞ እስከ 14 ዓመት ከቁጥር ውጭ አብረው ይጓዛሉ። ስድስት መሆናችሁ ስለዚህ ችግር አይደለም። ሁለት ነገር ግን ልብ በሉ። ትኬቱ አይሲኢ በሚባለው ፈጣን ባቡር ላይ አያገለግልም። በሥራ ቀን ደግሞ የሚጀምረው በስዊዝ ሰዓት ከ9 በኋላ፣ ማለትም በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 3 ሰዓት በኋላ ነው። ፓርኩ በራሱ በዚያው ሰዓት ስለሚከፈት ማለዳውን ታጣላችሁ። ቅዳሜና እሑድ ይህ ገደብ የለም፤ በምትኩ የሰው ብዛት አለ።

ማለዳውን ከፈለጋችሁ መደበኛ ትኬት ቀደም ብላችሁ ግዙ።

ዝም አይነቅዝም · ሰኞ ሌሊት

ስድስት ሰው፣ የመግቢያ፣ የባቡር፣ የምግብ። ይህ ሁሉ ገንዘብ ወጥቶ ልጆቹ የሚያዩት ምንድን ነው? ከፕላስቲክ የተሠራ የማተርሆርን ተራራ! እውነተኛው ማተርሆርን እኮ ያለው በምንኖርበት አገር ነው። ፓርኩ በአውሮፓ አገሮች ስም በሰፈር የተከፋፈለ ነው አሉ፤ ከስዊዘርላንድ ወጥቶ ጀርመን ውስጥ የስዊዝ መንደር ማየት ግን ለእኔ አይገባኝም።

ጫፍ ወንበር · ማክሰኞ ጠዋት

@ዝም አይነቅዝም ወንድሜ፣ ማተርሆርን ላይ ልጅህን ስትወስድ ተራራው በሰረገላ ተሸክሞ ቁልቁል አይለቀውም። ልዩነቱ ይኸው ነው።

ወደ ጥያቄው ልመለስ። እኔ የሮለር ኮስተር ወዳጅ ነኝ፤ ሚስቴ «በሽታ» ትለዋለች። ስለዚህ ትንሽ ላስረዝም።

ፓርኩን እ.ኤ.አ. በ1975 የከፈተው የማክ ቤተሰብ ነው። ቤተሰቡ ከ1780 ጀምሮ ቫልድኪርሽ በምትባል በዚያው አካባቢ ባለች ከተማ ሠረገላ ይሠራ ነበር፤ ኋላ ወደ ሰርከስ ጋሪና ወደ መጫወቻ ማሽን ገባ። ፓርኩን የከፈቱትም የሚሠሯቸውን ማሽኖች ለገዢ የሚያሳዩበት ቦታ እንዲሆን ነው። ይህን ማወቅ ለጎብኚው ጥቅም አለው፤ ባለቤቱ ራሱ አምራች ስለሆነ በየጊዜው አዲስ ነገር የሚሞከረው እዚያ ነው። የሚገርመው ግን ከሁሉ ከፍ ያለው ሲልቨር ስታር የእነርሱ ሥራ አይደለም፤ የሠራው ሞንቴ በምትባል ከተማ ያለው የስዊዝ ኩባንያ ቦሊገር እና ማቢያር ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 ተከፈተ፣ ቁመቱ 73 ሜትር ነው፣ ፍጥነቱም በሰዓት 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ይደርሳል። ሲወርድ ሰውነት ከወንበሩ ይነሣል፤ ብረቱ ጭን ላይ ባይኖር ኖሮ የሚባለው ዓይነት።

አሁን ለልጆችሽ። ትልቁ ቁመቱ 1 ሜትር ከ40 ከሞላ ሲልቨር ስታር ላይ ይወጣል፤ ዕድሜውም ከ11 በላይ ስለሆነ ችግር የለም። መካከለኛዋ ግን አትወጣም፤ ብትረዝም እንኳ ዕድሜዋ አልደረሰም። ይህን ቤት ሳላችሁ ንገሯት። በር ላይ መለኪያ እንጨት ፊት ቆሞ የሚያለቅስ ልጅ ይዞ ቀኑን መቀጠል ከባድ ነው። ለእርሷ ብሉ ፋየር አለላት፤ 1 ሜትር ከ30 እና 7 ዓመት ነው የሚጠይቀው። ቆሞ ይጀምርና በ2.5 ሰከንድ ውስጥ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ይደርሳል፤ ሰውን ዘቅዝቆም ይገለብጣል። 1 ሜትር ከ20 ከሆነች ደግሞ ቮዳን አለ፤ የእንጨት ነው፣ ይንገጫገጫል፣ ለእኔ ከሁሉ ይበልጣል።

ቮልትሮን እ.ኤ.አ. በ2024 የተከፈተ ስለሆነ ሰው ሁሉ ወደ እርሱ ነው የሚሮጠው። በኒኮላ ቴስላ ታሪክ ላይ የተሠራ ሆኖ ክሮኤሺያ በተባለው ሰፈር ውስጥ ይገኛል፤ ሰባት ጊዜ ይገለብጣል። በሩ እንደተከፈተ መጀመሪያ ወደዚያ ሂዱ፤ ወይም ከነጭራሹ ለማምሻው ተዉት። እኩለ ቀን ላይ እዚያ ሰልፍ መቆም ግን አንድ ቀን ብቻ ላለው ሰው ኪሳራ ነው።

የፓርኩ የስልክ መተግበሪያ የየመጫወቻውን የመጠበቂያ ጊዜ ያሳያል፤ ለአንዳንዶቹም በስልክ ወረፋ ይያዛል። ትንሿ ልጅ ስላለች ደግሞ ሠራተኞቹን ጠይቂ፦ አንዱ ወላጅ ሲወጣ ሌላው ልጅ ይዞ ይጠብቅና ከዚያ ሁለተኛው ሰልፉን ሳይደግም ይገባል።

አንድ ቀን አይበቃም። ከመቶ በላይ መጫወቻ ያለበት ቦታ ነው። ግን ሁሉንም ለማዳረስ ካልሮጣችሁ ያማረ ቀን ይሆናል። ለእያንዳንዱ ልጅ ሁለት ሁለት ነገር አስመርጣችሁ ሂዱ፤ ሌላው ትርፍ ነው።

ፋይል ያዥ · ማክሰኞ ማታ

እህቴ፣ ሁሉም ስለ ፍጥነት አወሩልሽ፤ እኔ ስለ ወረቀቱ ልንገርሽ።

ስዊዘርላንድ የአውሮፓ ኅብረት አባል ባትሆንም እ.ኤ.አ. ከ2008 መጨረሻ ጀምሮ በሸንገን (በመካከላቸው መደበኛ የድንበር ቁጥጥር የሌለባቸው የአውሮፓ አገሮች ስምምነት) ውስጥ ናት። ብዙ ሰው ከዚህ ተነሥቶ ድንበሩ የለም ብሎ ይደመድማል። ጀርመን ግን ከ2023 መኸር አንሥቶ በስዊዘርላንድ በኩል ባለው ድንበሯ ላይ ቁጥጥር መልሳ ጀምራለች። በመኪናም በባቡርም ፖሊስ ሊያስቆምሽ ይችላል።

ቢ ወይም ሲ (የቋሚ ነዋሪነት) ፈቃድ ያለው ሰው ያለ ቪዛ ጀርመን ገብቶ መውጣት ይችላል። ዋናው ነገር ፈቃዱ ብቻውን የጉዞ ሰነድ አለመሆኑ ነው። ጊዜው ያላለፈበት ፓስፖርትና ፈቃዱ፣ ሁለቱም በእጅ መኖር አለባቸው፤ ፎቶ ኮፒ ወይም የስልክ ሥዕል አይተካቸውም። የልጆቹንም ፓስፖርት ዛሬውኑ ከመሳቢያ አውጥተሽ ቀኑን እይ። የልጅ ፓስፖርት ጊዜው ሲያልፍ ማንም አያስታውስም፤ ማሳደሻው ደግሞ የአንድ ሳምንት ሥራ አይደለም። በስደተኛነት እውቅና አግኝተው ሰማያዊውን የጉዞ ሰነድ የያዙም እንዲሁ ከቢ ፈቃዳቸው ጋር ይሻገራሉ።

እናትሽ በጉብኝት ቪዛ ከሆነ የመጡት፣ ቪዛው ላይ ለየት ያለ ቦታ «የሚያገለግለው ለ» የሚል መስመር አለ። እዚያ ላይ የሸንገን አገሮች ተብሎ ከተጻፈ ጀርመንም ይካተታል። የስዊዘርላንድ ምልክት ብቻ ካለበት ግን ለዚህች አገር ብቻ የተሰጠ ነውና አያንቀሳቅሷቸው። አንድ ጊዜ መግቢያ መሆኑ አያስጨንቅሽ፤ ከሸንገን ስላልወጡ መግቢያው አይቃጠልም።

ባለቤትሽ ወይም አንቺ ብቻችሁን ልጆቹን ይዛችሁ የምትሄዱ ከሆነ የሌላኛው ወላጅ የፈቃድ ደብዳቤ አይጠፋም። አብራችሁ ስለሆናችሁ ግን ይህ አያስፈልግም።

ባለ ኤፍ · ማክሰኞ ሌሊት

እኔ ኤፍ ፈቃድ ነው ያለኝ፤ በጊዜያዊነት የተቀበሉኝ። ልጄ የክፍል ጓደኞቹ ሁሉ ሄደው መጡ እያለ ይጠይቀኛል። እዚህ ባዝል ቁጥር 8 ትራም ሰው ጭኖ ቫይል አም ራይን ድረስ ይሻገራል፤ ሰዉ ሁሉ ገበያ ሄዶ ይመለሳል፤ የሚጠይቅ የለም። አንድ ቀን ደርሶ መምጣት ይህን ያህል ነገር ነው?

ፋይል ያዥ · ረቡዕ ጠዋት

ወንድሜ፣ ነገር ነው። ኤፍ ያለው ሰው ከስዊዘርላንድ ለመውጣት ከስደት ጉዳይ ቢሮው የመመለሻ ቪዛ ያስፈልገዋል፤ ያም የሚሰጠው ለተወሰኑ ምክንያቶች ነው፤ ለቅርብ ቤተሰብ ከባድ ሕመም ወይም ሞት፣ ሊቀር ለማይችል የግል ጉዳይና ለመሳሰሉት። መዝናኛ ፓርክ ከእነዚህ ውስጥ አይደለም። ጀርመን በኩል ደግሞ ያለ ፈቃድ መግባት በሕግ ያስጠይቃል። ትራሙ ላይ ማንም አለመጠየቁ ሕጉን አይለውጠውም። ለነገ የቢ ጥያቄህ ብለህ እንኳ ተወው።

ለልጅህ ግን አንድ መንገድ አለ። ትምህርት ቤቱ ራሱ ክፍሉን ይዞ ድንበር ተሻግሮ የሚሄድ ከሆነ፣ ይህ ፈቃድ ከሚሰጥባቸው ምክንያቶች አንዱ ነው። መምህሩን ቀደም ብለህ አነጋግረው፤ ማመልከቻው ጊዜ ይወስዳል፤ በጉዞው ሳምንት የሚጀመር ነገር አይደለም።

ጫፍ ወንበር · ረቡዕ ቀን

@ባለ ኤፍ ከድንበሩ ወዲህም ልጅ የሚደሰትበት አለ። ቱርጋው ካንቶን ውስጥ ሊፐርስቪል ላይ ኮኒላንድ የሚባል ፓርክ አለ፤ እንደ ሩስት ትልቅ አይደለም፣ ለትንንሽ ልጆች ግን ይበቃል።

ከሁሉ የሚሻለው ግን በራፍህ ላይ ያለው ነው። የባዝል የመኸር ባዛር፣ ሄርብስትመሰ፣ በጥቅምት መጨረሻ ይጀምርና ሁለት ሳምንት ይቆያል። ከ1471 ጀምሮ ያለ ነው። መግቢያ የለውም፤ የምትከፍለው ለወጣህበት መጫወቻ ብቻ ነው። በካቴድራሉ አደባባይ ትልቁ ተሽከርካሪ መንኮራኩር ይቆማል፤ ከላይ ራይን ወንዝ ይታያል። የልጅህ ጓደኞች ሩስት ቢሄዱም እዚያም ያገኙታል።

ባለ ኤፍ · ረቡዕ ማታ

እሺ። የመምህሩን ነገር አላውቅም ነበር። ነገ እጠይቃለሁ። እስከዚያው ባዛሩን እንይዛለን።

የእማማ ልጅ · ረቡዕ ማታ

ማንም ስለ አያትየዋ አላሰበም! እኔ እናቴን ወስጃት ስለማውቅ እንዲህ በሉ።

ፓርኩ ሰፊ ነው፤ ወደ 95 ሄክታር ገደማ። እግር ያደክማል። ነገር ግን ዙሪያውን የሚዞር ባቡር አለ፤ ብዙ ጣቢያ ስላለው አንዱ ጋ ወጥተው ሌላው ጋ ይወርዳሉ። ዋናው ፓርክ የተሠራው ባልታዛር ቤተ መንግሥት ተብሎ በሚጠራው በ1442 በተገነባ ግንብ ዙሪያ ነው፤ ግቢው ትልልቅ ዛፍ፣ አበባና መቀመጫ አለው፤ ኤልትስ ወንዝም በመካከል ያልፋል። እናቴ ከሁሉ የወደደችው ይህንን ነበር። ሮለር ኮስተሩን ከታች ሆና እያየች «ምን በድለው ነው?» ብላ ጠየቀች።

በስካንዲኔቪያ ሰፈር የኖርዌይ ዓይነት የእንጨት ቤተ ክርስቲያን አለ። ጸሎት የሚደረግበት እውነተኛ ነው፤ ፓርኩ ውስጥ የሚያገለግሉ የካቶሊክና የፕሮቴስታንት አገልጋዮችም አሉ። የእኛ እምነት ባይሆንም እናቴ ገብታ ተሳለመች፤ ጫጫታው መካከል ጸጥ ያለ ቦታ ማግኘቷ አሳረፋት።

ቮሌታሪየም የሚባለውን አታስቀሩባቸው። ተቀምጠው በትልቅ ስክሪን ፊት በአውሮፓ ላይ የሚበሩበት ነው፤ አይገለብጥም፣ አይጥልም። የጀልባ ጉዞዎቹም እንዲሁ። ዕድሜያቸው ከ60 በላይ ከሆነ መግቢያቸው ይቀንሳል፤ ስለዚህ ትኬት ስትገዙ የአዋቂውን አትምረጡ። ምግብ ይዞ መግባት ይቻላል፤ ጉዞው ረቡዕ ወይም ዓርብ ላይ ከዋለና ጾመኛ ከሆኑ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ለትንሿ ልጅ ደግሞ፦ በትልቁ ሉል ውስጥ ያለው ዩሮሳት ሙሉ በሙሉ ጨለማ ነው፤ አታስገቧት። የባታቪያ ወንበዴዎች የሚባለው የጀልባ ጉዞም ገር ቢሆንም ጨለማ ነው። እርሱ እ.ኤ.አ. በ2018 ተቃጥሎ እንደገና ተሠርቶ በ2020 ነው የተከፈተው፤ ደርዝ ያለው ሥራ ነው፤ ለትልልቆቹ ያምራል። ለእርሷ የአየርላንድ የልጆች ሰፈርና የተረት ደኑ ይበቃታል። ጥቅምት ላይ የሃሎዊን ወቅት ስለሆነ ፓርኩ በዱባና በአጽም ይሞላል። ቀን ላይ ያስቃል፤ ሲመሽ ግን ለምትፈራ ልጅ አይመችም።

ዝም አይነቅዝም · ረቡዕ ሌሊት

ስለ ዋጋው አንድ ሰው በግልጽ ይናገር። የአዋቂ ትኬት ከ60 ዩሮ በላይ ነው። የ13 ዓመቱ ልጅ እንደ አዋቂ ይቆጠራል፤ ቅናሹ እስከ 11 ብቻ ነው። ከ4 ዓመት በታች ነጻ ነው፤ የእርሷ ትንሿ ግን 5 ናት። ስለዚህ ሦስት አዋቂና ሦስት ቅናሽ። ደምሩት።

ፋይል ያዥ · ሐሙስ ጠዋት

ድምሩ ትክክል ነው፤ መደበቅ የለበትም። ማቃለያዎች ግን አሉ። ዋጋው እንደ ቀኑ ይለያያል፤ ትኬቱም ለተመረጠው ቀን በድረ ገጹ ይገዛል። ልጅ እስከ 12 ዓመቱ ድረስ በልደቱ ቀን በነጻ ይገባል፤ ማስረጃ ይዞ። ከትንንሾቹ የአንዷ ልደት በዕረፍቱ ውስጥ ከዋለ ቀኑን በእርሱ ወስኑ።

ሌላው የሚረሳ ወጪ ስልክ ነው። በአውሮፓ ኅብረት ውስጥ ያለው ነጻ የስልክ ዝውውር ስዊዘርላንድን አይጨምርም። የፓርኩ መተግበሪያ ቀኑን ሙሉ ዳታ ይበላል። ውላችሁ ጀርመንን ይጨምር እንደሆነ ሳታዩ ስልኩን ከፍታችሁ አትሻገሩ።

ሲመለሱ ገበያ ለሚያስቡም፦ ከጥር 2025 ጀምሮ ከቀረጥ ነጻ የሚገባው ዕቃ በአንድ ሰው እስከ 150 ፍራንክ ብቻ ነው፤ ቀድሞ 300 ነበር። ሥጋ በሰው አንድ ኪሎ። የመግቢያ ትኬቱን ግብር መልሱልኝ ማለት ደግሞ አይቻልም፤ እዚያው የተጠቀማችሁበት አገልግሎት ነው።

ሐዲድ · ሐሙስ ቀን

ስለ ቀኑ ምርጫ ልጨምር። ፓርኩ ሦስት አገር በሚገናኝበት አካባቢ ነው፤ ፈረንሳይ ከራይን ማዶ ናት፣ ስትራስቡርግም ሩቅ አይደለችም። ስለዚህ የሚታየው የእናንተ ዕረፍት ብቻ ሳይሆን የሦስቱም ነው። የእናንተ የጥቅምት ዕረፍት ሲሆን የባደን ቩርተምበርግ ልጆች ብዙውን ጊዜ ገና ትምህርት ላይ ናቸው፤ የእነርሱ በወሩ መጨረሻ አካባቢ ነው። ይህ ይረዳችኋል። ጥቅምት 3 በአውሮፓውያን የጀርመን ብሔራዊ በዓል ስለሆነ አትምረጡት። ከሳምንቱ መካከል ማክሰኞ ወይም ረቡዕ ይሻላል።

መኪና ከመረጣችሁ የጀርመኑ ኤ5 አውራ ጎዳና ለግል መኪና ክፍያ የለውም፤ ወደ ሩስት የሚያስወጣ የራሱ መውጫ አለው። ከባዝል አንድ ሰዓት ገደማ ነው። ልጆች 12 ዓመት እስኪሞላቸው ወይም 150 ሴንቲ ሜትር እስኪደርሱ ድረስ የልጅ መቀመጫ ያስፈልጋል፤ በሁለቱም አገር። ለስድስት ሰው የምትከራዩት መኪና ከሆነ ድንበር ለመሻገር ውሉ ይፈቅድ እንደሆነ ጠይቁ።

የሦስት ልጆች እናት · ሐሙስ ማታ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ! የእናቴን ቪዛ አየሁት፤ የሸንገን አገሮች ይላል። የመካከለኛዋ ፓስፖርት ግን በሚቀጥለው ወር ነው የሚያልቀው፤ ጉዞው ከዚያ በፊት ስለሆነ እንሄዳለን፤ ማደሻውንም ዛሬ ጀመርኩ።

ወስነናል፦ ማክሰኞ፣ በባቡር፣ መደበኛውን ትኬት ገዝተን በማለዳ። ባለቤቴና ትልቁ በቀጥታ ወደ ቮልትሮን፤ እኔ ከእናቴና ከትንንሾቹ ጋር ወደ ግንቡ ግቢ። መካከለኛዋን ሲልቨር ስታር አይሆንም ብዬ ነገርኳት፤ አኩርፋለች፤ ብሉ ፋየር እንደሚገለብጥ ስትሰማ ግን ታረቀች።

አንድ ቀረኝ። ትልቁ ከሰዓት በኋላ ሩላንቲካ ወደሚባለው የውሃ ፓርክ እንሂድ ይላል። በዚያው ትኬት ይገባል?

ጫፍ ወንበር · ሐሙስ ማታ

አይገባም። ሩላንቲካ በ2019 የተከፈተ ለብቻው ያለ ፓርክ ነው፤ ትኬቱም ለብቻው ነው። በደርሶ መልስ ቀን ሁለቱን አትቀላቅሉ። እዚሁ ፓርክ ውስጥ ፖሲዶንና አትላንቲካ አሉለት፤ ሁለቱም ያረጥባሉ። ጥቅምት ስለሆነ ቅያሪ ልብስ ያዙለት፤ ካልሲም ጭምር።